ከቤሳ እስከ ጨላ

በእኛ በአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች፣ በኮዬ ፈጬም በቱሉ ዲምቱም፣ ልጅ «ጨላ» ካለ ቁጣ ይከተለዋል። «ምን የዱርዬ ቋንቋ ነው! ገንዘብ በል!» ይባላል። በዚህ ቁጣ አልስማማም። «ችስታ ነኝ» ያለውን ልጅ የሚገሥጸው አባት ራሱ ሲቸግረው «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ይላል። ቤሳ ደግሞ እዚህ የተወለደ ቃል አይደለም። የህንዶች ፓይሳ ነው፤ በባሕር ንግድ ተሳፍሮ መጥቶ እኛው ዘንድ የቀረ። «ፍራንካ አለህ?» የሚለው የሰፈር ጎረምሳም ፍራንክን ነው የሚጠራው። ማንም የማይቆጣበት «ሳንቲም» እንኳ ፈረንሳይኛ ነው። አንዱ ቃል ጨዋ፣ ሌላው ዱርዬ የሆነው በዕድሜ ብቻ ነው።

«ብር» የምንለውስ? ብር ማዕድን ነው። አንጥረኛ አቅልጦ መስቀልና አምባር ይሠራበታል። ገንዘብ ብር የተባለው ሳንቲሙ ከዚሁ ማዕድን ስለነበር ነው። በአያቶቻችን ዘመን ብር ማለት በተለይ ጠገራው ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል አለበት። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞታለች፤ ሳንቲሙ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከዚያ በኋላም ሲሠራ ኖሯል። ተቀባዩ ዝም ብሎ አይቀበለውም። ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ አገላብጦ ያያል፤ ፈርጦቹ ጥርት ብለው ካልታዩት ይመልሰዋል። አፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም. የራሳቸው ምስል ያለበትን ብር በፓሪስ አሠርተው ሲያስመጡ እንኳ ብዙው ገበያተኛ ጠገራዬን አለ። ከዚያ በፊትም ከዚያም ጎን ለጎን ከአፋር ምድር የሚወጣው አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወጣል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የ«ሽልንግ» ነገር ነው። እናቶቻችን 50 ሳንቲምን ሽልንግ፣ 25ን ስሙኒ ይሉ ነበር። ዛሬ የአሥር ዓመት ልጅ ጠይቁት፤ ሽልንግ ምን እንደሆነ አያውቅም። የቃሉ ታሪክ እኮ የሀገር ታሪክ ነው። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ሲባረር እንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዘው ገቡ። በ1937 ዓ.ም. መንግሥት የራሱን ገንዘብ ሲያወጣ አንዱ ብር በ2 ሽልንግ ተመነዘረ። የብር ግማሽ ያኔ ሽልንግ ሆኖ ቀረ። እንግሊዞቹ ሄዱ፣ ገንዘባቸውም ተሰበሰበ፤ ስሙ ግን በገበያው፣ በሱቁ፣ በአውቶቡሱ ለአሥርት ዓመታት ከረመ። በመጨረሻ ያጠፋው ሌላ ቃል አይደለም፤ የኑሮ ውድነት ነው። 50 ሳንቲም ምንም የማይገዛ ከሆነ ማን ስሙን ይጠራዋል? ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ፣ «አንድ ብር» ራሱ ወደ ሽልንግ መንገድ ገብቷል።

ዳር ሰፈር መኖር አንድ በረከት አለው። አሮጌውና አዲሱ ቃል እዚህ ጎን ለጎን ቆመው ይሰማሉ። ትናንት የጤፍ ማሳ በነበረ መሬት ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ከሕንጻዎቹ ሥር የጉሊት ገበያ አለ። ባለፈው ጎመን የሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ከፊቴ የቆመ ወጣት «እማማ፣ በቴሌብር ልላክልዎት?» አላቸው። «የለም ልጄ፣ ዝርዝር አለኝ፣ ቆይ ልፍታ» አሉት። መቀነታቸውን ወደ ጎን ሳብ አደረጉ። ጫፉ ላይ ያለችውን ቋጠሮ በጥርሳቸው ያዝ አድርገው ፈቷት። በአራት የታጠፈ የ50 ብር ኖት፣ በውስጡም ሳንቲሞች ወጡ። መልሱን ሰጥተው እንደገና ቋጠሩት።

«ጥሩ ብር ቋጥሯል» የምንለው ከዚህ ነው። «ቋጣሪ» የምንለውም እንደዚሁ። ባንክ ደብተር ያለው ሰው ምንም አይቋጥርም፤ ግን «ቋጠረ» ይባልለታል። ኪሳችን ሲራቆት «ነጠፈ» እንላለን፤ ወተቷ የደረቀ ላም ናት። ገንዘብ ሲያንሰን «እጅ አጠረኝ» እንላለን። ለወር ክፍያችን ያለን ስም «ደመወዝ» ነው፤ ሰው ደምና ወዝ ብሎ ይፈታዋል፤ ቀን ሠራተኛውን ላየ ትክክል ነው። እነዚህ ሁሉ ማሳ፣ ከብትና ጉልበት ያለበት ኑሮ የወለዳቸው ናቸው።

ጎረቤት ቋንቋውም ይመሰክራል። በዚህ በኩል ገበያው ግማሹ ኦሮምኛ ነው። «ቀርሺ» ይላሉ ብርን፤ ግርሽ ከሚባለው የድሮ ሳንቲም ነው። «ማላቃ» ይላሉ ገንዘብን፤ የእኛ መሐለቅ ነው፣ በሐረርም የሳንቲም ስም የነበረ። «ሆሪ» ደግሞ ከብትም ሀብትም ነው። ቀርሺ የሚል ገበሬና ፍራንካ የሚል የታክሲ ረዳት ተደራድረው ይግባባሉ። ገንዘብ ራሱ ሲዞር እንደኖረ ስሞቹም ሲዞሩ ኖረዋል።

ሁሉን ቃል ግን አልወድም። «የሻይ»፣ «እጅ መንሻ»፣ «መታያ» የሚሉት ያስቆጡኛል። እጅ መንሻ ድሮ ለጌታ የሚቀርብ የአክብሮት ስጦታ ነበር። ዛሬ ፋይሉ «ጠፋ» ለተባለ ምስኪን ፋይሉን የሚያስገኘው ክፍያ ሆኗል። ለካርታ፣ ለውሃ ቆጣሪ፣ ለመብራት መስመር በየቢሮው ደጅ የጠኑ የዳር ሰፈር ሰዎች ይህን ቃል በደንብ ያውቁታል። ዘመናዊው «የሻይ» ይባስ የዋህ ይመስላል። ሻይ ስንት ነው? ልጆቻችንን ስለ ቃል የምንቆጣ ከሆነ እዚህ ላይ እንቆጣ። ለዚህ ነገር አማርኛ «ጉቦ» የሚል ቃል አለው። «ጨላ» የሚለው ልጅ ማንንም አልዘረፈም።

አሁን ደግሞ ከስልክ የሚወለዱ አባባሎች መጥተዋል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ባለሱቁ «ስጠኝ» ማለቱን እየተወ «ላክ» ይላል። ገዢው ስልኩን ከፍ አድርጎ «ገባልህ?» ይላል። «ገባ» የሚለው ቃል ብቻውን «ተከፈለኝ» ማለት ሆኗል። ኪስ፣ መቀነት፣ እጅ የሌለበት አነጋገር ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ለመምህራንና ለቋንቋ ተመራማሪዎች ነው። የአራዳውን ቃል ከክፍል አታባርሩት። ተማሪው አያቱን «ስሙኒ ምን ይገዛ ነበር?» ብሎ ጠይቆ እንዲጽፍ የቤት ሥራ ስጡት፤ ከጎኑ ደግሞ እሱ ራሱ የሚናገራቸውን «ዱዲ»፣ «ሽቀላ»፣ «ቀፈላ» ይጨምርበት። የት ሰፈር፣ ማን፣ መቼ እንዳለው ይመዝግብ። ሽልንግን የሚያስታውሱ እናቶችና አባቶች ገና አሉ። ወደ ጉሊቱ ብትወጡ ታገኟቸዋላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ለወሬ ጊዜ አላቸው።