ፋይሉ የእኔ፣ ኮምፒውተሩ የእኔ፣ ፈቃዱ የማን ነው?

ኧረ ወገን፣ ሰው በገዛ ቤቱ ይከለከላል?

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው የምንኖረው። ሳሎን ዴስክቶፕ አለ። የቤተሰቡ ፎቶ፣ የወንድሜ የሰርግ ቪዲዮ፣ የእህቴ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ እሱ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ላፕቶፕ አለኝ። ሁለቱም ያሉት አንድ ዋይፋይ ላይ ነው። ፎልደሩን ሼር አደረግኩ። ስሙ ላፕቶፑ ላይ ይታያል። ስነካው ግን ፈቃድ የለህም፣ የኔትወርክ አስተዳዳሪህን አነጋግር ይለኛል። የቱን አስተዳዳሪ? ይሄ ቤት እንጂ መሥሪያ ቤት አይደለም!

መከልከሉ አይደለም የሚያበግነኝ። ምክንያቱን አለመናገሩ ነው። ዊንዶውስ ላይ ፈቃዱ ሁለት ቦታ ነው ያለው። አንዱ «ሼሪንግ» በሚለው ታብ፣ ሌላው «ሴኩሪቲ» በሚለው። ሁለቱ ካልተስማሙ ጥብቁ ያሸንፋል። የግቢውን በር ከፍተህ የቤቱን ከቆለፍክ እንግዳው የት ይገባል? ኮምፒውተሩ የተዘጋው የቱ እንደሆነ ያውቃል። ግን ትንፍሽ አይልም።

ፒኑስ? ኮምፒውተሩን ሁሌ የምትከፍትበት ፒን ከሌላ ማሽን ስትገባ አይሠራም። የሚፈልገው የአካውንቱን ፓስወርድ ነው። ሳጥኑ ላይ «ፒን አይሆንም» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ምን ያስቸግራል? እናቴ ይሄን ከየት ታውቃለች?

ጥበቃው ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ያመሰው በዚሁ ፋይል ማጋሪያ አሮጌ ስልት፣ በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ገብቶ ነው። አዲሱ ዊንዶውስ 11 ፕሮም ያለ ፓስወርድ በእንግድነት መግባትን ዘግቷል። ደግ አደረጉ። ግን መልእክቱን እዩት፦ የድርጅትህ የደህንነት ፖሊሲ ከልክሏል ነው የሚለው። የምን ድርጅት? እናትና ልጆች ነን እኮ!

ታዲያ ሰው ሲሰለቸው ፒያሳ ወስዶ ያሠራዋል። ልጁ «አብሽር» ይላል። «ኤቭሪዋን» ላይ፣ ማለትም ለማንም ሰው፣ ሙሉ ፈቃድ ይሰጣል፣ ፓስወርዱን ያነሳል፣ ከውጭ የሚመጣውን የሚያግደውን ፋየርዎልም ያጠፋል። ሠራ! እሱ ላይ አልፈርድም፤ ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ ነው። ግን እኛ ጋ ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት ዋይፋይ ሲጠይቅ እምቢ ማለት ነውር ነው። እንግዲህ ዋይፋዩን ያገኘ ሁሉ የእህቴን የመመረቂያ ጽሑፍ መሰረዝ ይችላል ማለት ነው። ሰውን እዚህ ያደረሰው ያ ምክንያቱን የማይናገር መልእክት ነው።

እንደኔ የተቃጠላችሁ ካላችሁ፣ ዋይፋዩን መጀመሪያ «ፕራይቬት» አድርጉት። ከዚያ ዴስክቶፑ ላይ ፓስወርድ ያለው ተጠቃሚ ክፈቱ። ስሙን ሼሪንግም ሴኩሪቲም ላይ አስገቡት። ማየት ብቻ ለሚበቃው «ሪድ» ይበቃዋል። ላፕቶፑ ሲጠይቃችሁ የዴስክቶፑን ስም፣ ከዚያ ወደ ግራ ያዘመመ ሰረዝ (\)፣ ከዚያ የተጠቃሚውን ስም ጻፉ። ይቺን ደግሞ የትኛውም መልእክት አይነግራችሁም።