ድሬ ላይ የውጭ ምግብ በሰዓቱ ነው የሚገኘው

ለወርክሾፕ ድሬዳዋ ከርሞ የተመለሰ ሰው ወሬው ያው ነው። ሙቀቱን ያነሳል፣ ባጃጁን ያነሳል፣ ከታይዋን ገበያ የገዛውን ያሳያል። ከዚያ ቅሬታው ይመጣል። «ያ ሁሉ ሕዝብ የተቀላቀለበት ከተማ ይባላል፣ የውጭ ምግብ ግን የለም። ክለብ ሳንድዊችና ጥብስ በልተን መጣን!»

ይህንን ስንቴ እንደሰማሁት። ሰውየው አልዋሸም። ያረፈበት ሆቴል ውስጥ ያለው እሱ ነው። እኔ ግን ሁሌም አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ምግብ ፍለጋ ስንት ሰዓት ላይ ወጣህ? መልሱ ብዙ ጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስብሰባው የሚያልቀው ያኔ ነዋ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድሬ ወይ ተኝታለች ወይ ጫት ይዛ በርጫ ላይ ነች። ሱቁም ተዘግቷል፣ ድስቱም ታጥቧል።

የድሬን ምግብ ያመጣው ባቡሩ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ነው። በመሃል ባሉት ዓመታት የመሥመሩ ትልቁ ማራገፊያ ድሬ ነበረች። ወደ ሐረርም ሆነ ወደ መሃል አገር የሚሄድ ዕቃ እዚህ ይወርዳል። ዕቃ በሚወርድበት ነጋዴ ይሰፍራል። የየመን ዐረቦች፣ ህንዶች፣ ግሪኮች፣ አርመኖች መጡ። ፈረንሳዮቹ ከባቡሩ ጋር ነበሩ፤ ጣልያኖቹ ኋላ ደረሱ። ሶማሌው፣ ኦሮሞውና ሐረሪው ደግሞ መጀመሪያም አገሩ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ ግሪክ ቤት ወይም አርመን ቤት ብሎ የሚፈልግ ሰው ይደክማል። አብዛኞቹ ከአብዮቱ በኋላ ሄደዋል። ተጋብተውና ተዋልደው የቀሩት የመኖቹ ናቸው፤ ስለዚህም የእነሱ ማዕድ ቀረ። ህንዶቹ ራሳቸው በቁጥር ቢመናመኑም ምግባቸው ሌላ ሰው እጅ ገብቶ ቀርቷል።

እንግዲህ ሰዓቱን እንያዝ። ጠዋት ከአስራ ሁለት እስከ ሦስት የፉልና የፈጢራ ነው። ፉሉ ሌሊቱን ሲንተከተክ ያደረ ባቄላ ነው፤ ከሙን፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርትና ዘይት ይገባበታል፤ ለማይጾም እንቁላል። ፈጢራውን ግን ከመብላታችሁ በፊት ሲሠራ እዩት። ሰውየው ዘይት ውስጥ ያረፈች ድቡልቡል ሊጥ ያነሳል። ዘይት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ በመዳፉ እየገፋ ይዘረጋታል። ጠርዟን ይዞ ሳብ፣ ሳብ ያደርጋታል። ሊጡ ሳይቀደድ ከሥሩ ያለው የጠረጴዛው ቀለም መታየት ሲጀምር እንቁላሉን ያፈስባታል፣ ከአራት በኩል ያጥፋታል፣ ሰፊው ብረት ላይ ጣል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በማር የሚወድም አለ። ሜኑ የለም፣ ብዙ ጊዜ ታፔላም የለም። ከበሩ ላይ የቆሙትን ባጃጆች አይቶ መግባት ነው።

ከስድስት እስከ ሰባት ተኩል የሩዝ ሰዓት ነው። የምሳው ጉዳይ ድሬ ላይ ቀልድ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ የሚቃም ሰው ሆዱን ሞልቶ ነው የሚቀመጠው። የየመኖቹ መንዲ ሥጋው በታፈነ ጉድጓድ ምድጃ ውስጥ ይበስላል፣ ስቡም ከሥሩ ባለው ሩዝ ላይ ይንጠባጠባል። ዙርብያኑ ሌላ ነው። ሥጋው፣ እርጎውና ድንቹ ከሩዙ ጋር ተደራርበው ይበስላሉ። የህንዱን ቢርያኒ የሚያውቅ ሰው ዝምድናቸውን ወዲያው ያውቀዋል፤ ኤደን ለዘመናት የህንድ ነጋዴ የተመላለሰባት ወደብ ነበረች። ሶማሌ ቤት ከገባችሁ ደግሞ ከሩዙ ጋር ሙዝ ይመጣል። እንግዳው ሙዙን ለኋላ ብሎ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። አይደለም! ከእያንዳንዱ ጉርሻ ጋር እየቆረሱ ነው የሚበሉት። ሚጥሚጣው ሲያቃጥል ጥቅሙ ይገባችኋል።

እነዚህ ቤቶች ጠዋት የጣዱትን ነው የሚሸጡት። ስምንት ሰዓት ላይ «አልቋል» ይሏችኋል። ለእኔ ትክክለኛ ቤት ማለት ይህ ነው። ሜኑው ላይ የጣልያን፣ የቻይና፣ የዐረብና የሜክሲኮ ምግብ ደርድሮ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሁሉም አለኝ የሚል ወጥ ቤት ያሳስበኛል። ያ ሁሉ ከአንድ ፍሪጅ ነው የሚወጣው። ስሙ ላይ «ኢንተርናሽናል» ተጨምሮ ከሆነማ ጥብሱን አዝዞ መገላገል ነው።

ማታ ሙቀቱ ሲበርድ ሳምቡሳና ሙሸበክ ይወጣሉ። ብርቱካንማ፣ ጥምዝምዝ፣ ሽሮፕ የጠጣው ሙሸበክ የህንዱ ጃሌቢ የሥጋ ዘመድ ነው። በረመዳን ደግሞ የቀኑ ሰዓት እንዳለ ይገለበጣል፤ ያኔ የሚመጣ ሰው ከመግሪብ፣ ማለትም ከፀሐይ መጥለቂያው ሶላት፣ በኋላ ይውጣ።

አሁን ደግሞ ሰው ጮክ ብሎ የማያወራውን ነገር ላንሳ። የየመኑም የሶማሌውም ቤት ሥጋ የሙስሊም ሥጋ ነው። ከመሃል አገር ከሚመጣው እንግዳ ብዙው ክርስቲያን ነው፣ የሙስሊም ሥጋ አይበላም። አይበላም ብሎ ግን አይናገርም። «አላገኘሁም» ይላል። ከተማዋ ላይ ከሚወራው ሐሜት ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሰው ሃይማኖቱን ቢጠብቅ ማንም አይከፋውም፤ ድሬ ውስጥ ጎረቤት ለጎረቤት ድግስ ሲደግስ ለየብቻ አርዶ፣ ለየብቻ ሠርቶ ማብላቱን ድሮ ለምዶታል። ግን እንዲህ ያለው እንግዳም ጾሙን አያድርም። ፉሉ አለ። ፈጢራው አለ። ሐልዋውና ሙሸበኩ አሉ። ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ፉል ቤት ግቡ፤ ያለ እንቁላል ያዘዘው ጿሚና ባለ እንቁላሉ ሙስሊም አንድ አግዳሚ ላይ ናቸው።

ፓስታን ረሳሁት። ጣልያኖቹ ትተውት ሄዱ፣ እኛ በርበሬ ጨመርንበት፣ ከእንጀራ ጋር የሚበላውም አለ። ትክክለኛ የጣልያን ነው ወይ ለሚለው፣ አይደለም። ይጣፍጣል ወይ? በደንብ።

አስተዳደሩም የወርክሾፕ አዘጋጆችም አንድ ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ብዙ ብርም አይፈልግም። እንግዳውን ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቡፌ ፊት አታሰልፉት። አንዱን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ አበሉን ሰጥታችሁ ወደ መጋላ፣ ወደ አሮጌው የገበያ ሰፈር፣ ልቀቁት። ከዚራ ሰፈር ላረፈ ሰው የደቻቱን ወንዝ መሻገር ብቻ ነው፣ በባጃጅ ደቂቃዎች ናቸው። የቱሪዝም ቢሮው ለእንግዳ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ከሆቴሎቹ ዝርዝር ሥር የምግቡን ሰዓትና ሰፈሩን ይጻፍ። የሥጋውንም ዓይነት በግልጽ ያስቀምጥ፤ እንግዳው ከመግባቱ በፊት ይወቀው።

ሌላው የኮሪደር ልማቱ ነው። ድሬም ደርሷል፣ መንገዱም አምሯል፤ ይህንን አልክድም። ግን አንድ ፉል ቤት ከመንገድ ዳር ሲነሳ ሳቢያን ሰፈር ጫፍ ላይ ቦታ ቢሰጡት ምን ያደርግለታል? ደንበኛው ከሱቁ ወጥቶ በእግሩ የሚመጣ ነጋዴ፣ ከመስጊድ የሚወጣ ሰጋጅና ባጃጁን አቁሞ የሚበላ ሹፌር ነው። ስለዚህ ምትክ ቦታ ሲታሰብ እዚያው ገበያው አጠገብ ይታሰብ፤ ኪራዩም አንድ ድስት ሩዝ ሸጦ የሚውል ሰው የሚችለው ይሁን።