አቦ፣ የጀሪካን ክዳን የት ነው የሚሄደው?

ድሬ ላይ የፈለጋችሁት ቤት ግቡ። በረንዳ ላይ ጀሪካን፣ አልጋ ሥር ጀሪካን፣ ሽንት ቤት በር ላይ ጀሪካን። አሥራ አምስት ብትቆጥሩ ክዳን ያላቸው ሰባት ናቸው። የቀሩት በፌስታል ተወትፈዋል፣ አንዱማ ቆሮቆንዳ ተሰክቶበታል። ከዚያ እኩለ ሌሊት ላይ «ውሃ መጣ!» ሲባል ቤተሰቡ በሙሉ ክዳን ፍለጋ ይተራመሳል። ቤት ማደራጀት ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ቁም ሳጥን ይሮጣል። ኧረ አቦ! እዚህ አገር ቤት የሚያተራምሰው ውሃ ነው እንጂ ልብስ አይደለም።

እስቲ እንደምር። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 20 ሊትር፣ ለአምስት ሰው 100 ሊትር። ውሃ በሦስት ቀን አንዴ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ 300 ሊትር። አንድ ባለ 200 በርሜልና አምስት ባለ 20 ጀሪካን፣ በቃ። ለመጠባበቂያ ሁለት ጨምሩና ሰባት አድርጉት። ስምንቱ ምን ይሠራሉ? «ይጠቅማል!» ለምን? «ለምናልባት።» የተሰነጠቀውንና የዘይት ሽታው አልለቅ ያለውን ለቆራሌው ስጡና ተገላገሉ።

የሰባቱን ክዳን በሲባጎ ከእጀታቸው ጋር እሰሩ። ክሩ አንድ ስንዝር ያህል ይሁን፤ ካጠረ ክዳኑ አልዞር ይላል፣ ከረዘመ መሬት እየተጎተተ የድሬን አቧራ ይዞላችሁ ይመጣል። ለመጠጥ የሚሆኑት ሁለቱ ላይ በማርከር «መ» ጻፉ። ሽንት ቤት የገባ ጀሪካን ወደ ማድቤት አይመለስም፣ ማንም ይሁን ያመጣው። አዲስ የተቀዳው ከኋላ ይቀመጥ፣ የሚነሳው ሁሌ ከፊት ነው። አለበለዚያ ጥግ ያለው ወር ሙሉ ሳይነካ ከርሞ፣ ብርሃን ሲያገኘው ውስጡ አረንጓዴ ያበቅላል።

እኔን የሚያናድደኝ ግን በርሜሉ ነው። ጣውላ ጣል ይደረግበትና ድንጋይ ይጫንበታል። ድንጋዩ ለድመት ነው? ትንኟ እንደሆነች በጎን ትገባለች! ይህች ከተማ በ2006 ዓ.ም. በደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በቺኩንጉኒያ የተንገላታች ናት። ሁለቱንም የምታስተላልፈው በቀን የምትናከሰው ትንኝ ናት፣ የምትራባውም እኛው ባጠራቀምነው ውሃ ውስጥ። እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ውሃውን ደፍቶ መሙላት ብቻውን አይበቃም፤ እንቁላሉ ደርቆ ወራት ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። መፈተግ ነው ያለው! በሳምንት አንዴ፣ በርሜሉ ሊያልቅ ሲል፣ ውስጡን በብሩሽና በሳሙና፣ በተለይ ውሃው የሚደርስበትን መስመር። እጣቢውን ደረቅ መሬት ላይ ድፉት። ሳምንት ያልኩት በከንቱ አይደለም፤ በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይበቃታል። ክዳን ከሌለ አፉን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ወፍራም ጨርቅ ወጥሩና ዙሪያውን በከመነዳሪ ጥብቅ አድርጉ። መሀሉ ረግቦ ውሃ ከቋጠረ በጨርቁ ላይ ሁለተኛ በርሜል ሠራችሁላት ማለት ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ቁልፍ በሩ አጠገብ ባለ አንድ ሚስማር ላይ ይንጠልጠል። ፌስታል አሥር ይበቃል፣ የተረፈው ይውጣ። የበርጫው ገረባ ሳያድር ይጠረግ፣ ጉንዳኑ ጠዋት ቀድሟችሁ ይነሳል። ለዚህ ሁሉ ማታ ነፈስ ሲል 10 ደቂቃ ይበቃል። በዚያ ቀትር ቤት ላደራጅ ያለ ሰው የቁም ሳጥኑን ግማሽ ወለሉ ላይ ዘርግፎ መሀሉ ላይ ነው የሚተኛው።

ደግሞ ግቢው ጥግ ያለውን ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጡት። አዎ፣ ያንኑ «ይጠቅማል» ያላችሁትን።