እድሩ ሒሳቡን ያነብልናል፤ ማዘጋጃ ቤቱስ?

ባለፈው እሑድ የእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ሰው ድንኳኑ ሥር ተሰበሰበ። ዳኛው በጸሎት ከፈቱ። ከዚያ ገንዘብ ያዣችን ተነሡ። መነጽራቸውን አድርገው ያንን ጠርዙ ያለቀ መዝገብ ገለጡና ማንበብ ጀመሩ። ከወርሃዊ መዋጮ ይህን ያህል ገባ። ከቅጣት ይህን ያህል። ለቀብር ማስፈጸሚያ ይህን ያህል ወጣ። ለሁለት ድስትና ለሃያ ወንበር ይህን ያህል።

ጠላ እየጠመቁ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት እናት ከኋላ እጃቸውን አነሡ። «የድስቱ ዋጋ በዛብኝ። ደረሰኙ የታለ?» አሉ። ደረሰኙ ከመዝገቡ መሐል ወጣ። ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እሳቸው ጋ ደረሰ። ፊደል አልቆጠሩም፤ አጠገባቸው የተቀመጠ ልጅ አነበበላቸው። «እሽ፣ በቃኝ» ብለው ተቀመጡ። ማንም አልተቆጣቸውም። ገንዘብ ያዡም ቅር አላላቸውም። ንባቡ ቀጠለ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ይህ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። በዚህች ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ለማዘጋጃ ቤቱ የከፈልኩት ገንዘብ ለእድሩ ካዋጣሁት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ግን አንድም ቀን እንዲህ ተቀምጬ ሒሳቡ ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ብቻ አይደለሁም። የሰፈሬን ሰው ሁሉ ጠየቅሁ፤ ሰማሁ የሚል አላገኘሁም።

ከተማችን ትንሽ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አስፋልት መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ያውቃቸዋል፦ አባይን ተሻግሮ ደጀን፣ ከዚያ ሉማሜ፣ ከደብረ ማርቆስ በኋላ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ማንኩሳ፣ ቲሊሊ እያለ ይቀጥላል። አውቶቡሱ ቆም ሲል ቆሎና ብርቱካን ይዘው የሚሮጡት ልጆች የእነዚህ ከተሞች ልጆች ናቸው። የእኛዋን ስሟን አልጠራም። የማወራው ነገር የአንዷ ብቻ ስላልሆነ ነው።

ከውሃው ልጀምር። ጎጃም አባይ የከበባት አገር ናት። የጮቄ ተራራ የምንጭና የወንዝ እናት ነው። እኛ ግን ቢጫ ጀሪካን ደርድረን ቦኖ ላይ እናድራለን። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ይሁን። ሞተሩ አርጅቷል፣ መብራት ይጠፋል፣ ሕዝቡም በዝቷል። ይህን ሁሉ እረዳለሁ። የማይገባኝ ፈረቃው መቼ እንደሆነ አለመታወቁ ነው። አንዳንድ ሳምንት ማክሰኞ ሌሊት ይመጣል። አንዳንዴ ሐሙስ። አንዳንዴ አሥር ቀን ሙሉ የለም። ጎረቤቴ ቧንቧዋን ክፍት ትታ ከሥሩ ባዶ በርሜል አስቀምጣ ትተኛለች። ሌሊት የጠብታ ድምፅ ስትሰማ ተነሥታ ትቀዳለች። ሲነጋ የቀን ሥራ አለባት።

አንድ ቀን ወደ ቢሮው ሄድኩ። «የሰፈራችን ተራ መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። የተቀበለኝ ልጅ ትሑት ነው፤ ክፉ አልተናገረኝም። «ጋሼ፣ ባለሙያው ሥልጠና ሄዷል። ሳምንት ይመለሱ» አለኝ። በሳምንቱ ተመለስኩ። ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነበር። ሦስተኛ አልሄድኩም። ክፍል ጥዬ ነበር የምሄደው፤ ተማሪዎቼም ሰዓት አላቸው።

አንድ ወረቀት በር ላይ ቢለጠፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ምልልስ ባልኖረ ነበር። «ቀበሌ 01 ሰኞ፣ ቀበሌ 02 ረቡዕ፣ መብራት ከጠፋ በማግሥቱ» የሚል። ለዚህ አዲስ ሞተር አያስፈልግም። ብድርም አያስፈልግም። እስክሪብቶና ሙጫ ይበቃል።

የድንጋዩ ነገር ደግሞ አለ። ሰፈራችን ኮብልስቶን እንዲነጠፍለት ነዋሪው ድርሻውን እንዲያዋጣ ተነገረን። በብዙ ከተሞች የተለመደ አሠራር ነው፤ ከፊሉን አስተዳደሩ፣ ከፊሉን ሕዝቡ ይሸፍናል። ደስ ብሎን ከፈልን። ጡረተኛው ከጡረታው ቀንሶ ከፈለ። ድንጋዩ መጥቶ ከመንገዱ ዳር ተከመረ። ሁለት ክረምት አለፈ። ድንጋዩ እዚያው ነው። ሣር በቅሎበታል፤ ልጆች እየወጡ ይጫወቱበታል። በሐምሌ ጎርፍ ቁልቁል ይወርድና ጭቃውን በር ድረስ ያመጣዋል።

ገንዘቡ ተበልቷል ብዬ አላምንም። አላውቅም። ምናልባት የድንጋይ ዋጋ ጨምሮ ይሆናል። ምናልባት ኮንትራት የወሰዱት ወጣቶች ማኅበር ፈርሶ ይሆናል። ምናልባት የጎርፍ ቦዩ ይቅደም ተብሎ ይሆናል፤ ያ ከሆነማ ትክክል ነው። ነገሩ የሾላ በድፍን ነው። ሰው ካላወቀ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ መሐል አለ ስንጥር» ያለ አገር ነው ይህ። አሁን በየጠላ ቤቱ የድንጋዩ ብር የማን ቤት እንደሠራ ይወራል። ስሙ የሚነሣው ሰው ምናልባት አንዲት ሳንቲም አልነካም። ሒሳቡ ስላልተነበበ ግን ራሱን የሚያነጻበት ቦታ የለውም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሰደቡ አይቻለሁ። ይህ ግፍ ነው።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ትንሽ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። በክልላችን ከተሞች እንደ ትልቅነታቸው ይመደባሉ። የራሱ ምክር ቤት ያለው የከተማ አስተዳደር አለ። በወረዳው ሥር ያለ መሪ ወይም ንዑስ ማዘጋጃ ቤትም አለ። ወረዳው ከክልሉ በቀመር የሚሰላ ድጎማ ያገኛል። ይህ አሠራር ወደ ወረዳ የወረደው በ1994 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ገንዘብ አብዛኛው ለደመወዝ ይሄዳል፤ ለአስተማሪ፣ ለነርስ፣ ለግብርና ባለሙያ። እኔም አስተማሪ ነኝና ከዚያው ነው የምበላው። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ የራሱ ገቢ አለው፦ የገበያ ቦታ ኪራይ፣ የመናኸሪያ፣ የእርድ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የሊዝና የቦታ ኪራይ። ቅዳሜ ገበያ ዶሮ ይዛ ከገጠር የመጣች ሴት ሳትቀር ትከፍላለች። በአንድ ሰው ትንሽ ነው። ሲደመር ግን የመንገዱም፣ የመብራቱም፣ የቆሻሻ ማንሻውም ገንዘብ እሱ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ ላይ የመንግሥት ቢሮ የገባ ሰው የግዢውን ጥድፊያ ያውቀዋል። ዓመቱን ሙሉ ወረቀት የጠፋበት ቢሮ በሰኔ መጨረሻ ወንበር ይገዛል። ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ነው። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይህን በሐዘን ያወሩታል። ከተማው ምን እንደሚበልጥበት በጊዜ ተጠይቆ ቢሆን ያ ገንዘብ አንድ ቦይ በከፈተ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ አልተሞከረም ማለት አይደለም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ መሠረታዊ አገልግሎቶችን ለመጠበቅ በተቀረጸው ፕሮግራም ውስጥ የበጀት ግልጽነት አንዱ ሥራ ነበር። ወረዳዎች በጀታቸውን በአደባባይ እንዲለጥፉ ተደርጎ ነበር። ተራው ሰው እንዲገባው ሆኖ የተዘጋጀ ሰንጠረዥ ነበረው፤ ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለመንገድ ይህን ያህል የሚል። በእኛም ከተማ በማዘጋጃ ቤቱ በር በስተቀኝ ሰሌዳ ተተክሎ ነበር፤ መስታወት ያለው። ገበሬዎች ገበያ ውለው ሲመለሱ ቆመው የሚያነብ ሰው ይፈልጉ እንደነበር አስታውሳለሁ። አንዳንዴ ተማሪዎቼን ያስቆሟቸው ነበር። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ወረቀቱም ቀረ። ይህ ነው የሚያሳዝነኝ። ሐሳቡ በለጋሾች ገንዘብ መጣ፣ ከገንዘቡ ጋር ሄደ። እድራችን ግን ሒሳቡን እንዲያነብ ማንም ለጋሽ አልከፈለውም።

ሕጉማ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠትም ግዴታ ነው። አሁን ስለ ዲጂታል መታወቂያና ስለ አንድ ማዕከል አገልግሎት ብዙ ይወራል፤ ጥሩ ነው፣ ይምጣ። ለትንሽ ከተማ ግን ከሁሉ በፊት የሚቀድመው በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ነው።

የጎጃም ሰው ግብር አይወድም የሚል ወሬ ድሮም አለ። ታሪኩን ያነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ገማቾች ወደ ገበሬው እርሻ ሊወጡ ሆነ። ገበሬው የፈራው የብሩን መጠን ብቻ አልነበረም። ርስቴ ሊለካብኝ ነው፣ ከተለካ በኋላ ሊወሰድብኝ ነው ብሎ ሠጋ። ቀርቦ ያስረዳው አልነበረም። ሞጣ ተነሣ፣ ቢቸና ተነሣ፣ ዳሞት ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም አሰማራ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብሩም ተሰረዘ። ያ ሁሉ ሰው የሞተበት ነገር ሥሩ አለመተማመን ነበር። አያቴ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ደጋግመው የሚሉት «አልነገሩንማ» ነበር።

«በዚህ ጊዜ ስለ ሰሌዳ ታወራለህ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አይፈረድባቸውም። በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ክልላችን ያየውን ሁላችንም እናውቃለን። ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ የከረመባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ቢሮ የሚገቡት ሠራተኞችም በጭንቀት ነው የሚሠሩት፤ ያለ እነሱ የልደት ወረቀት እንኳ ባልተገኘ ነበር። ላመሰግናቸው እወዳለሁ። ግን በዚያው ጊዜ እድራችን ስብሰባውን አልተወም። ድንኳን መትከል አስጊ ሲሆን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ በማለዳ ተሰበሰብን። ገንዘብ ያዡ በአሥር ደቂቃ አነበቡና ተበተንን። በዚያ ሁሉ ወሬ መካከል ሁላችንም እርግጠኛ የሆንንበት አንድ ቁጥር በእድሩ ሣጥን ውስጥ ያለው ብር ነበር። ሰው እርስ በርሱ በተፈራራበት ወር ያ ምን ያህል እንዳረጋጋን ልነግራችሁ አልችልም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የከተማው አስተዳደር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥርና በሐምሌ፣ ሕዝቡን ጠርቶ ሒሳቡን ያንብብ። «የሚያበረታታ ውጤት ተመዝግቧል» የሚለውን የሪፖርት ቋንቋ ይተወውና እንደ እድሩ ያንብብ፤ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ለዚህ ዋለ። እናቶች እጃቸውን አውጥተው ይጠይቁ፤ የጠየቀ ሰው ደግሞ ፖለቲከኛ አይባል። ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉም ይከብዳል። ከዚህ በፊት ስብሰባ ላይ ስለ ቦዩ የጠየቀ አንድ ጎልማሳ «ከጀርባው ማን አለ?» ተብሎ ሲወራበት ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ እጁን ሲያነሣ አላየሁትም።

ምናልባት ሲነበብ ገንዘቡ ትንሽ ሆኖ እናገኘዋለን። እኔ እንዲያውም እንደዚያ ይመስለኛል። ለድንጋዩም ለሞተሩም እንደማይበቃ ሁላችንም እናያለን። ያኔ ንግግሩ ይለወጣል። ለእድሩ ድስት ሲጎድል የምናደርገውን እናደርጋለን፤ ምን ያህል ጎደለ፣ ማን ምን ያህል ይችላል፣ የማይችለውስ በጉልበቱ ያግዝ ወይ? በደቦ አጭዶ ለኖረ ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ያ ሰሌዳ አሁንም በማዘጋጃ ቤቱ በር በስተቀኝ አለ። መስታወቱ ተሰብሯል። ውስጡ የቀረው ፀሐይ የበላው የአንድ ጨረታ ማስታወቂያ ነው። ፊት ለፊቱ የሚሠራውን አናጺ ጠየቅሁት። «የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አለኝ።

በእሑዱ ስብሰባ መጨረሻ ላይ ይህን አነሣሁ። ትንሽ ተወያየን። ከዚያ ዳኛው እጅ አስወጡና የመስታወቱን ዋጋ እድራችን ሊችል ተስማማን። ደብዳቤውን ጸሐፊያችን ጽፎታል፤ ማኅተምም አርፎበታል። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሆነን ይዘነው እንገባለን። የድስቱን ደረሰኝ የጠየቁት እናትም አብረውን ይመጣሉ።