ከውድድር ውጪ

ባለፈው ሰኔ አዲስ አበባ እህቴ ቤት ነበርኩ። ቡናው ደርሶ አቦሉ ሊቀዳ ሲል የእህቴ ልጅ ብድግ አለ። "ጋሼ ይቅርታ፣ 11፡35 ላይ ውድድር አለኝ።" ኳስ መስሎኝ "ማን ከማን ነው?" አልኩት። ሳቀብኝ። ላፕቶፑን ከፈተ፣ ኢንተርኔቱን ከስልኩ አገናኘ፣ ጥግ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው። የሚወዳደረው ኮድፎርሰስ ላይ ነው፤ የፕሮግራሚንግ ወጣቶች በኢንተርኔት የሚፋለሙበት መድረክ።

ሰዓቷ ግራ ገባችኝ። ምነው 11 ሰዓት ተኩል አይሆንም? "በሞስኮ ሰዓት 17፡35 ስለሚጀምር ነው" አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። ለካ ሞስኮና አዲስ አበባ ሰዓታቸው እኩል ነው። መድረኩን ያቋቋመው ሚካኢል ሚርዛያኖቭ የሚባል ሰው ነው፣ ቮልጋ ወንዝ ዳር ካለችው ከሳራቶቭ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለው የኔ ልጅም አንዳንዴ እዚያው ይወዳደራል። ለሱ ጠዋት 4፡35 ስለሚሆን በዕረፍት ቀን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ብቸኛ ነገር ይኸው ነው።

እህቴ ሲኒውን እያቀበለችኝ "ይሄ ነገር ደመወዝ አለው?" አለች። የለውም አልኳት። "ታዲያ ምን ይሠራለታል?" መልስ አልሰጠኋትም። ሐሳቤ ሚንስክ ገብቶ ነበር፣ የተማርኩባት የቤላሩስ ዋና ከተማ።

ሶቪየት ኅብረት የሄድኩት መስከረም 1978 ነው። ከዚያ በፊት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ወርጄ ሀ ሁ አስተምሬያለሁ። አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጥቂት ጠመኔ፣ አርባ የሚሆኑ ገበሬዎች። ፊደል ለማስቆጠር ከዚያ በላይ ብዙ አያስፈልግም ነበር። እኔ ሚንስክ በደረስኩበት በዚያው ወር፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 1985 መሆኑ ነው፣ እነሱም ሌላ ዓይነት ዘመቻ ጀመሩ። በመላው ሶቪየት ኅብረት ባሉ ትምህርት ቤቶች ኢንፎርማቲካ የሚባል የኮምፒውተርና የፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርት ለላይኛዎቹ ክፍሎች ግዴታ ሆነ። የነገሩ ዋና ጠንሳሽ የሳይንስ አካዳሚው አባል አንድሬይ የርሾቭ ነበር፣ ሳይቤሪያ ኖቮሲቢርስክ አጠገብ ካለችው የሳይንቲስቶች ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1981 ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ላይ በተካሄደ የዓለም ጉባኤ፣ ፕሮግራም መጻፍ ሁለተኛው ማንበብና መጻፍ ነው ብሎ ተናግሯል። ይህን በኋላ ሳነብ የገጠሯ ሰሌዳ ትዝ አለችኝ።

ችግሩ ኮምፒውተር አልነበረም። ማለቴ፣ ችግሩ ኮምፒውተር አለመኖሩ ነበር። መጽሐፉ ታተመ፣ በየሪፐብሊኩ ቋንቋም ተተረጎመ፣ የሒሳብና የፊዚክስ አስተማሪዎች በበጋ ዕረፍታቸው ሠልጥነው ተመለሱ። ማሽኑ ግን በአብዛኛው ትምህርት ቤት አልደረሰም። ስለዚህ "ያለ ማሽን" የሚባል የማስተማሪያ ዘዴ ነበራቸው፤ በመንግሥት ደረጃ የታወቀ፣ ማንም የማያፍርበት። ተማሪው ፕሮግራሙን ባለ ካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ ይጽፋል። ከዚያ ራሱ ማሽን ሆኖ መስመር በመስመር ያስኬደዋል። ጎን ላይ ሠንጠረዥ ያሰምርና የእያንዳንዱን ተለዋዋጭ ዋጋ ይሞላል። አሁን ኤ 3 ነው፣ አሁን 4 ሆነ፣ ወደ ላይ ተመለስ፣ እንደገና።

የሚጽፉበትም ቋንቋ ሩሲያኛ ነበር። የፕሮግራሙ መጀመሪያ "ናች"፣ መጨረሻው "ኮን"። ጀምር፣ ጨርስ እንደማለት። "የስሊ"፣ "ቶ"፣ "ኢናቼ"፤ ከሆነ፣ እንግዲያው፣ አለዚያ። እኛ ሰባተኛ ክፍል ስንገባ ሳይንሱ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ሆኖብን ቃሉን ከነነጥቡ በቃላችን ስንሸመድድ ነው ያደግነው። እነዚያ ልጆች በአፋቸው በሚናገሩት ቃል ማሽን ሲያዙ ሳይ ቅናት ቢጤ ተሰማኝ። እውነቱን ልናገር፣ ዛሬም ይሰማኛል።

እሺ፣ ወደ ውድድሩ።

የካቲት 1980፣ እ.ኤ.አ. 1988 መሆኑ ነው። እነሱ ክረምት የሚሉት፣ የእኛ የዝናቡ ሳይሆን አፍንጫን የሚያደነዝዘው። የምማርበት ኢንስቲትዩት የኮምፒውተር ክፍል ስለነበረው የከተማው ተማሪዎች የፕሮግራሚንግ ኦሊምፒያድ እዚያ ተካሄደ። እኔ ወረቀት አዳይ ነበርኩ። አስተናባሪው አስተማሪያችን ድንገት "አንተም ሞክር እንጂ፣ ከውድድር ውጪ" አሉኝ። "ቭኔ ኮንኩርሳ" ይሉታል። ትሠራለህ፣ ይታረምልሃል፣ ደረጃ ግን የለህም። ሃያ ዓመቴ ነው፣ የመሐንዲስ ተማሪ ነኝ፣ ተወዳዳሪዎቹ የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች። ላሸንፋቸው እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። እንዲያውም አንጀቴ አዝኖላቸዋል።

የመጀመሪያው ዙር በወረቀት ነው። አንዷ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልጠፋችኝም። ክብ፣ ካሬና ጥምዝ ቅንፎች የተደባለቁበት አንድ ረጅም መስመር ይሰጥሃል። ቅንፎቹ በትክክል ተከፍተው በትክክል መዘጋታቸውን የሚለይ ፕሮግራም ጻፍ። ቀላል ነች አልኩ። ለእያንዳንዱ ዓይነት ቆጣሪ አደረግሁ። ሲከፈት አንድ ጨምር፣ ሲዘጋ አንድ ቀንስ፣ ከዜሮ በታች ከወረደ ስህተት፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ዜሮ ከሆነ ትክክል። ከሁሉ በፊት ጨርሼ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ደረቴም ሳይነፋ አልቀረም።

ከጎኔ ፀጉሯን ሁለት ጉንጉን የተሠራች ልጅ ነበረች። ማስመሪያዋን ከወረቀቷ መስመር ሥር ታደርግና አንድ መስመር ታወርዳለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሠንጠረዡ ላይ ትጽፋለች። እንደገና ማስመሪያውን ታወርዳለች። ሰዓቱ ሲያልቅ መልሴን በዓይኗ ሰረቅ አድርጋ አየችውና፣ ምንም ሳትል ወረቀቷ ጠርዝ ላይ አራት ምልክት ጻፈችልኝ፦ ( [ ) ]

ቆጣሪዎቼ ሁሉም ዜሮ ይላሉ። ቅንፉ ግን ተጠላልፏል። የእኔ ፕሮግራም ይህን ትክክል ነው ብሎ ያሳልፋል።

ትክክለኛው መንገድ መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ነው። መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል። ቅንፍ ሲከፈት ከላይ ትደርባለህ፣ ሲዘጋ ከላይ ያለው አቻው መሆኑን ታያለህ። እንጀራ ስበላ ያደግሁት እኔ፣ ያገኘችው እሷ።

ሁለተኛው ዙር በማሽን ነበር። ክፍሉ በሩ ላይ በክርና በፕላስቲሊን ማኅተም ይታሸጋል፤ ኃላፊዋ ካልመጡ አይከፈትም። ውስጥ ያሉት ከጃፓን የተገዙ ያማሃዎች ናቸው። አዎ፣ ሞተር ሳይክሉ ያማሃ። እዚህ ላይ ነገሩ ተገለባበጠ። ልጆቹ አንድ ፊደል ለመፈለግ በአንድ ጣት ኪቦርዱን ያስሳሉ። አንዳንዶቹ ኮምፒውተር ሲነኩ የመጀመሪያቸው ነው። በዚያ ላይ ማሽኑ በእንግሊዝኛ ቃላት የሚጻፈውን ቤይሲክ እንጂ ሩሲያኛ አያውቅም። ያቺ ባለ ጉንጉን ልጅ "ይሄ ቃል እንዴት ነው የሚጻፈው?" እያለች ጠየቀችኝ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ፕሪንት፣ ኢፍ፣ ዜን፣ ጎቱ። የክፍሉ መዝገበ ቃላት ሆኜ ዋልኩ። የዚያን ቀን በምንም የበለጥኳቸው በእንግሊዝኛዬ ብቻ ነው።

ውጤቱ በማግስቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ልጅቷ ሦስተኛ። ስሞቹ ካለቁ በኋላ በማስመሪያ የተሰመረ መስመር፣ ከመስመሩ ሥር የእኔ ስም ብቻውን፣ ነጥቤ ከመሃል ያነሰ። አብረውኝ የሚኖሩት ሐበሾች ለሳምንት ያህል "ከውድድር ውጪ" ብለው ጠሩኝ። ፍቅረኛ ያጣሁ ጊዜም ይኸው ስም ተነሣብኝ።

መሰላሉ ከዚያ ይቀጥላል። ትምህርት ቤት፣ ወረዳ፣ ከተማ፣ ሪፐብሊክ፣ ከዚያ መላው ኅብረት። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የመጀመሪያው የመላው ሶቪየት የኢንፎርማቲካ ኦሊምፒያድ ስቨርድሎቭስክ ላይ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሚንስክ ራሷ አስተናገደች። በዚያው ዓመት ቡልጋሪያ ፕራቬትስ ላይ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒያድ ተጀመረ፣ ቀጣዩ በ1990 ሚንስክ ሆነ። በዓመቱ ግንቦት ላይ የላከኝ መንግሥት ወደቀ፣ ታኅሣሥ ላይ የተቀበለኝ አገር ፈረሰ። ዲፕሎማዬ ላይ ያለው አገር ዛሬ ካርታ ላይ የለም። አሜሪካ ስገባ ይህን ለቀጣሪ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር።

መሰላሉ ግን አልፈረሰም። ቤላሩስ ጎሜል የተወለደው ጌናዲ ኮሮትኬቪች እ.ኤ.አ. በ2006 ገና በ11 ዓመቱ የዓለም ኦሊምፒያድ ላይ ብር ወሰደ፣ ከ2007 እስከ 2012 ደግሞ በየዓመቱ ወርቅ። ስድስት ወርቅ። የአገሪቱ ሕዝብ ዘጠኝ ሚሊዮን ገደማ ቢሆን ነው።

ሜሪላንድ ሌላ ዓለም ነው። የልጄ ትምህርት ቤት ለያንዳንዱ ተማሪ ላፕቶፕ ያድላል። ልጄ የአሜሪካኑን የኮምፒውተር ኦሊምፒያድ ማጣሪያ የሚሠራው መኝታ ክፍሉ ተቀምጦ ነው፣ በር ዘግቶ፣ አራት ሰዓት። መልሱን ሲልክ በሰከንዶች ውስጥ ይታረምለታል። ከነሐስ ጀምሮ እስከ ፕላቲነም እርከን አለው። ጥሩ ነው። ግን ማስመሪያ የምታወርድ ልጅ ከጎኑ የለችም። ሲሳሳት ማሽኑ "ተሳስተሃል" ይለዋል፣ የት እንደተሳሳተ በአራት ምልክት ጽፎ የሚያሳየው የለም። እሱም ቶሎ አንድ ነገር ይቀይርና መልሶ ይልካል። ያለ ማሽን አንዴ በእርሳስ አስኪደው ብለው "አባዬ፣ ለምን?" አለኝ። የተናገርኩት ሁሉ የሽማግሌ ወግ መሰለው።

እዚህ ላይ ግን ከወገኖቼ ጋር እለያለሁ። እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ቡና ላይ ስንሰበሰብ "እኛ እኮ ያለ ምንም ነው የተማርነው፣ ማጣት ነው ጎበዝ ያደረገን" የሚል ሰው አይጠፋም። ባለ ላፕቶፑ ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ ነው የሚያወራው። ያቺን ልጅ ጎበዝ ያደረጋት ማጣት አይደለም። ማሽን ቢኖራት ኪቦርድ ላይ ባልተቸገረች፣ ምናልባትም አንደኛ በወጣች። የነበራት ሌላ ነው። በጥቂት ኮፔክ የሚገዛ መጽሐፍ፣ በዕረፍቱ የሠለጠነ አስተማሪ፣ ከትምህርት በኋላ በነጻ የሚሰበሰብ ክበብ፣ ማለፍ አለማለፏ የሚታወቅበት መሰላል። ይህ ሁሉ ቀርቶ ማጣቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔ የዘመትኩበት ገጠር የዓለም ሻምፒዮን ባፈራ ነበር።

ይህንንም የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን አሥር ያገለገሉ ላፕቶፖች ለአንድ ትምህርት ቤት ላክን። በዓመቱ ሄጄ ስጠይቅ በሞዴል 19 ገቢ ሆነው ንብረት ክፍል ተቆልፈዋል። ከነካርቶናቸው። ንብረት ክፍሉ "ቢሰበር እኔ ነኝ ተጠያቂ" አለኝ፣ እውነቱን ነው። ሚንስክ በር ላይ የነበረችው የፕላስቲሊን ማኅተም ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ማሽን ልከናል እንጂ ማስመሪያ የምታስወርድ አስተማሪ አላሰብንም። የዚያ ቀን ንዴቴ በግማሹ በራሴ ላይ ነው።

እህቴ ቤት ቶና አልፎ በረካ ደረሰ። መብራት ሄደ። ልጁ አልተንቀሳቀሰም፣ የላፕቶፑ ብርሃን ፊቱ ላይ ብቻ በራ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ጭኑ ላይ ደብተር አለ፣ በእርሳስ ሠንጠረዥ አስምሮ ቁጥር ይሞላል። ማን እንዳስተማረው ጠየቅኩት። "ባትሪ ለመቆጠብ ነው" አለኝ።

ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ ጨረሰ። የደረጃ ሰንጠረዡን አሳየኝ። ስሙ አጠገብ ትንሽ ኮከብ አለች።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"ከውድድር ውጪ ማለት ናት ጋሼ። ይሄ ዙር ከ1600 ነጥብ በታች ላሉት ነው። እኔ አልፌዋለሁ፣ ለልምምድ ነው የገባሁት።"

"እኔም እኮ" አልኩት፣ "ሚንስክ እያለሁ ከውድድር ውጪ ተወዳድሬ ነበር።"

ቀና ብሎ አየኝ። እንዲህ ባለ አክብሮት አይቶኝ አያውቅም።

"እንዴ ጋሼ! ነጥብህ ስንት ደርሶ ነበር?"

በረካዬን አነሣሁና እህቴን "ቡናው እንዴት ነው የጣፈጠው" አልኳት።