ከኋላ ቆሞ የማሸነፍ ጥበብ

ድሬዳዋ ውስጥ ማንም ሰው አንድን ሥራ ብቻውን ሠርቶ አያውቅም። የባጃጅ ጎማ የሚፈታ ካለ፣ ብሎኑ ወደ የት እንደሚዞር የሚነግሩት ቢያንስ አራት ሰዎች አሉ። ከረምቡላ ቤትም ኳሱን የሚመታው ማንም ይሁን ማን፣ ስሌቱን የሚሠሩት ግድግዳ የተደገፉት ናቸው። ክፍያ አይጠይቁም፤ ምስጋናም አይጠብቁም፤ ዝም በሉ ሲባሉ እንኳ አይቀየሙም፣ ዝምም አይሉም። ይህን የመሰለ በጎ አድራጎት እስከ ዛሬ አንድ ሐውልት ሳይቆምለት መቅረቱ ያሳፍረኛል። ቢያንስ በብዕር ላቁምለት።

ከዚራ በተባለው የድሬዳዋ ሰፈር፣ መንገዱን ከሚያለብሱት ዛፎች በአንዱ ሥር፣ አንድ የቴሌቪዥን መጠገኛ ቤት አለ። ባለቤቱ የጠገነውን ቴሌቪዥን የሚሞክርበት ያረጀ የጨዋታ ማሽን አለው፤ የጃፓኑን ፋሚኮም አስመስለው ከሠሯቸው ርካሾች አንዱ። ካሴቱ ላይ «9999 ጨዋታ በአንድ» ተብሎ ተጽፏል። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች በኋላ ያሉት ሁሉ እነዚያው ራሳቸው ስም ቀይረው የመጡ ናቸው። (በዚህ ካሴቱን አልወቅሰውም። ከዚህ የባሰ የስብሰባ አጀንዳ አይቻለሁ።)

ከእነዚያ እውነተኞቹ መካከል አንዱ ግራዲየስ ነው። ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 በሳንቲም ለሚሠሩት ትልልቅ ማሽኖች አወጣው፤ በዓመቱ ደግሞ ለቤት ማሽኑ ለፋሚኮም አቀረበው። ቪክ ቫይፐር የምትባል የጠፈር መርከብ ከግራ ወደ ቀኝ ትበራለች። ሰማዩ ራሱ እየተንሸራተተ ይመጣባታል እንጂ መቆም ብሎ ነገር የለም። ጥይት ቢነካት፣ ድንጋይ ቢነካት፣ ግድግዳ ቢነካት፣ አንድ ጊዜ ይበቃታል። አንዳንድ ጠላቶች ሲመቱ እንክብል ጥለው ይሞታሉ። እያንዳንዱ እንክብል ከስክሪኑ ግርጌ ባለው ሰሌዳ ላይ መብራቱን አንድ እርምጃ ይገፋዋል፦ ፍጥነት፣ ሚሳይል፣ ድርብ ጥይት፣ ሌዘር፣ ተከታይ፣ መከላከያ። ፍጥነቱን አሁን ልውሰድ ወይስ ታግሼ ሌዘሩን ልጠብቅ የሚለው ጭንቀት ዕቁብ ለገባ ሰው አዲስ አይደለም። ዕቁቡ የሚበላው ግን ስትሞት ነው። አንዴ ከተመታህ ያጠራቀምከው ሁሉ ይወሰድና፣ ባዶ እጅህን ወደ ኋላ ተመልሰህ፣ የታጠቀ ሰው እንዲቸገርበት ተብሎ የተሠራው ቦታ ላይ ትጣላለህ።

እንግዲህ ይህን ጨዋታ ሰው ብቻውን እንዲጫወተው መተው ጭካኔ ነው። ከዚራ ደግሞ ጨካኝ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሱቆቹን ዘግቶ ከተማውን ባስተኛበት ሰዓት፣ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ጆይስቲኩን ይዞ ተቀምጦ ነበር። የጆይስቲኩ ገመድ ሦስት ቦታ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ መተኮሻው ላይ የነበረው ቀይ ቀለም በአውራ ጣት ላብ ታጥቦ መሐሉ ነጭ ሆኗል። ልጁ ሦስት ነፍስና አሥራ አንድ አማካሪ ነበረው።

«ፍጥነት ውሰድ!» አለ የባጃጅ ሾፌሩ። ልጁ ወሰደ። «ጨምር እንጂ!» ጨመረ። «አሁንም!» በአራተኛው ላይ መርከቧ ጣት በነካት ቁጥር ከሰማይ ወደ ምድር ትወረወር ጀመር፤ ከመጀመሪያው ኮረብታ ጋር ተላትማ ጠፋች። ለአፍታ ዝምታ ሆነ። «ይህን ሁሉ ፍጥነት ማን ውሰድ አለህ?» ብሎ የጠየቀው ያው የባጃጅ ሾፌር ነው። በድምፁ ውስጥ የነበረው ከልብ የመነጨ መገረም እስከ አሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቲያትር የተማረ ሰው እንዲህ አያደርገውም።

ከእሱ ቀጥሎ ያሉት፣ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ፍሬን ያዝ!» ይላሉ በየደቂቃው። ቪክ ቫይፐር ፍሬን የላትም። ልጁ ግን ያደገበትን ያውቃልና «እሺ ጋሼ» ይላል፤ ባዶ አየር ላይ በግራ እግሩ ሲረግጥም በዓይኔ አይቻለሁ። ሐዲድ ላይ ስለሚሄድ ነገር ጋሼ የሚያውቁትን ያህል የሚያውቅ የለም፤ ሐዲድ ስለሌለው ነገር ደግሞ የበለጠ ያውቃሉ።

ማዕረጉ በዚህ አያበቃም። ጫቱን በብብቱ ይዞ ሲያልፍ ጩኸት ሰምቶ የገባው ሰውዬ፣ መርከቧ ስትፈነዳ አላየም። የት እንደፈነዳችም አልጠየቀም። «ስህተቱን ነግሬው ነበር» አለና ወንበር ተለቀቀለት።

ከሁሉም በላይ የማከብረው ግን «እስቲ ለእኔ አምጣው፣ ላሳይህ» ያለውን ነው። ይህ ዓይነቱ ሰው ብርቅ ነው፤ አብዛኞቹ ክብራቸውን እንዲህ ለአደጋ አያጋልጡም። ተቀበለ፣ ትከሻውን አላላ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ተኮሰ። ከእጅጌው መሰብሰብ እስከ መርከቧ መሰበር ያለው ጊዜ አንድ ጉንጭ ሻይ አያስውጥም። «ቁልፉ ይጣበቃል» ብሎ መለሰለትና ወደ ቀድሞ ቦታው፣ ወደ ኋላ፣ ተመለሰ። እዚያ ሲደርስ ዕውቀቱ ሁሉ ሳይጎድል ጠበቀው። አበው «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብለዋል። የእኛ ልጅ ግን እምቢ አላለም፤ ምክሩንም መከራውንም አንድ ላይ ተቀብሎ ከሦስቱ ነፍሱ አንዷን ይዞ ቀረ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ምስኪን ሰው ልናገር። ጨዋታውን ለቤት ማሽኑ ያዘጋጀው ካዙሂሳ ሃሺሞቶ ነበር። ሲፈትሸው በጣም ከበደው፤ የገዛ ሥራውን መጨረስ አቃተው። ስለዚህ ጨዋታውን አቁሞ ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ከዚያ ቢ እና ኤ የሚባሉትን ቁልፎች ሲጫን መሣሪያው በአንድ ጊዜ እንዲታጠቅለት የሚያደርግ ምስጢር ለራሱ አስገባ፤ ምስጢሩም ከውስጡ ሳይወገድ ጨዋታው ገበያ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲያርፍ ዓለም ያስታወሰው በዚሁ ነው። ከዚራ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ሁሉ ድካም ምን ዳረገው? ወንበር ይዞ መቀመጥና ጀርባውን ለመንገድ መስጠት ብቻ ይበቃው ነበር።

እኔም ሰው ነኝና አላስቻለኝም። ጎንበስ ብዬ ምስጢሩን በልጁ ጆሮ አንሾካሾክሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ሹክሹክታ የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው ብዬ ማሰቤ የእኔ ጥፋት ነው። «ሁለት ጊዜ ላይ!» «አይደለም፣ መጀመሪያ ግራ ነው!» «ታች፣ ታች፣ አቦ ታች!» የልጁ አውራ ጣት በአሥራ አንድ አቅጣጫ ተጎትቶ መሐል ላይ ቆመ። በሦስተኛው ሙከራ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ተሳካለት። ሚሳይሉ መጣ፣ መከላከያው መጣ፣ ተከታዮቹም መጡ። ተከታይ የሚባለው ከመርከቧ ኋላ የሚንሳፈፍ የብርሃን ኳስ ነው፤ መርከቧ የሄደችበት ይሄዳል፣ ስትተኩስ አብሮ ይተኩሳል፣ ድምፅ የለውም። ከኋላ መቆምን እንዲህ የሚረዱት ጃፓኖች መሆናቸው ይገርማል።

«አልኩህ አይደል!» አሉ አሥራ አንዱም።

ልጁ በዚያ ትጥቅ እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ ደረሰ። እዚያ በኢስተር ደሴት ያሉትን የሚመስሉ የድንጋይ ፊቶች አፋቸውን ከፍተው ቀለበት ይተፋሉ። አሥራ አንድ ክፍት አፍ ከኋላ፣ ያንን ያህል ክፍት አፍ ከፊት፤ ልጁ የመጨረሻ ነፍሱን እዚያው ተወ።

ከዚያ ነገር ዞሮ መጨረሻው ምን ይመስላል የሚለው ላይ ደረሰ። ከመካከላችን መጨረሻውን ያየሁ እኔ ብቻ ነበርሁ። በልጅነቴ አንድ የሰፈራችን ልጅ ሲደርስበት ከኋላው ቆሜ ነበር፤ ስለዚህ በከተማው ሕግ እኔም ደርሻለሁ። ከዚያ ሁሉ ጥይትና ግድግዳ በኋላ መጨረሻ ላይ የሚጠብቅህ አንድ ትልቅ አንጎል ነው አልኋቸው፤ በቱቦ ታስሮ የተቀመጠ።

«ምን ይተኩሳል?» አለ የባጃጅ ሾፌሩ።

ምንም አይተኩስም። አይንቀሳቀስምም። እዚያው ተቀምጦ ዝም ብሎ ያያል እንጂ አንዲት ነገር አያደርግም፤ ሲመታ ይሞታል፣ ጨዋታውም ከብዶ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዴት ምንም አያደርግም ትላለህ? ያን ሁሉ ሲያዝ የነበረው እሱ ነዋ!» አሉ፣ የሥራ ባልደረባቸው እንደተሰደበ ሰው። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞሩ፤ ልጁ አዲስ ጨዋታ ጀምሮ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ፍሬን ያዝ አላልሁህም?»