ቢትና ባይት አንድ አይደሉም
ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ «10 ሜጋ ኢንተርኔት በሰከንድ 10 ሜጋባይት ያወርዳል» የተባለው ይታረም። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚሸጠው በሜጋቢት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 10ን ለ8 ስናካፍል በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ይመጣል። ትናንት ፒያሳ ቢሯችን ውስጥ 700 ሜጋባይት ቪዲዮ ሳወርድ የማውረጃ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.2 ሜጋባይት ሆነ፤ መስመራችን 10 ሜጋ ነው። የሥራ ባልደረባዬ «መስመሩ ተበላሽቷል፣ እንደውልላቸው» አለች። ቆይ ብያት ወረቀት ላይ አሰላሁላት፤ 10 ደቂቃ ገደማ። ልክ እንደዚያው ፈጀ። መስመሩ ምንም አልሆነም ነበር። ምልክቱንም ልብ በሉ፦ በእንግሊዝኛ ትንሿ «b» ቢት፣ ትልቋ «B» ባይት ናት። በዋይፋይ ሲሆን ደግሞ ከስሌቱ ዝቅ ሊል ይችላል። እባካችሁ አስተካክሉት፤ ይህን አንብቦ ፓኬጅ የሚገዛ ሰው አለ።